ሠላሳ ዘጠነኛው የጨሌ ደንበኛ

ሰኞ ጠዋት፣ ለንደን፣ ካምደን ገበያ ጀርባ፣ ከጫማ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ጨሌ መጥፋቱ ታወቀ። ጨሌ ደግሞ የማይታይ፣ የማይጨበጥ፣ ቢወድቅ የማይንኳኳ ገንዘብ ነው፤ ያለው ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። የኩባንያው ባለቤት ጊዲዮን ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሠላሳ ስምንት ደንበኞች ቦርሳ ባዶ መሆኑን ሲያይ፣ ትኩስ ሻዩን በገዛ ሱሪው ላይ ደፋና ፖሊስ ጠራ።

ጣቢያው ውስጥ ጉዳዩን የሚፈልገው ጠፋ። መርማሪዎቹ "ዲጂታል ገንዘብ" የሚለውን እያነበቡ ወረቀቱን አንዱ ወደ አንዱ ሲገፋው ቆየና፣ በመጨረሻ "ተበዳዩ አበሻ ነው" ተብሎ ኢንስፔክተር ዳኛቸው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ዳኛቸው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱን ከፈታ ቆይቷል፤ ደም ግፊት አለበት፤ ስቶክዌል ብቻውን ይኖራል። "ከእኔ የሚሰወር ነገር የለም" ማለት ይወዳል፤ ብዙ ጊዜ ስላለው ራሱም አምኖታል።

ምርመራን የተማረው ከፖሊስ ሳይሆን ካሳደጉት አክስቱ ከእትዬ ሐረገወይን ነው። ናዝሬት ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት ቴምብር የሸጡ ሴት ናቸው። ልጅ ሳለ አንድ ፖስታ ፊቱ ያስቀምጡና "ሳትከፍት ስለ ላኪው ንገረኝ" ይሉታል። እሱም የአስተጣጠፉን ነገር፣ የቴምብሩን መንጋደድ፣ የጽሕፈቱን መጣደፍ አይቶ "የተጣላ ሰው ነው" ወይም "ብድር ፈላጊ ነው" ይላል። ከተሳሳተ ጆሮውን ይቆነጠጣል። ዛሬ ዘጠና አንድ ዓመት ሞልቷቸው እንኳ አልተዉትም። በየእሑዱ እኩለ ቀን ላይ ጎረቤታቸው ጫልቱ ትደውልላቸውና ስልኩ አንዴ ጮኾ ይዘጋል። እሱ ሚስኮሉን አይቶ መልሶ ይደውላል። "ሚስት አገባህ?" ይሉታል፤ "አላገባሁም" ይላል፤ ይሰድቡታል፤ ደስ ብሎት ይውላል።

ትናንት እሑድ ግን ሚስኮሉ አልመጣም። ኦስሎ የምትኖረው እህቱ ጸዳለ "ናዝሬት ኔትወርክ የለም አሉ" ብላ ቴክስት አደረገችለት። ዳኛቸው ከስድብ ተረፍኩ ብሎ ሌሊቱን በሰላም ተኛ።

*

"ከመጀመሪያው ጀምር" አለው ጊዲዮንን።

"ጋሼ፣ ሀክ ተደርገናል። ሲርየስሊ።" ጊዲዮን እዚሁ ለንደን የተወለደ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ ልጅ ነው። "አንድ ጨሌ አንድ ፓውንድ ነው። ባንክ የለም፣ ኮሚሽን የለም፣ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ግን አዲስ ገንዘብ ሲወጣ፣ ላይክ፣ ዋናው ጥያቄ መጀመሪያ ማን ይያዘው ነው። የማይሆን ሰው ከያዘው እዚያው ይቀራል።"

"እና ማን ያዘው?"

"እኔ የካምደን ወጣቶችን ነበር የፈለግኩት። ቢሮ የሚሠሩ፣ በየዓመቱ አዲስ ስልክ የሚገዙ። ዳናዊት እምቢ አለች።"

ዳናዊት የሥራ ሸሪኩ ናት፤ ደንበኛ የመምረጡ ሥራ የእሷ ነበር። አራት ወር ሙሉ በየሱቁ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ እየዞረች አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ "ሲቸግርህ መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው?" ከሦስት መቶ ሰው መልስ ውስጥ ተደጋግሞ የመጣውን ስም ለቅማ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው መረጠች። አንዱን በሥራው ምክንያት ሰረዘችው። ለቀሩት ሠላሳ ስምንት ሰዎች መቶ መቶ ጨሌ በነጻ ተሰጣቸው።

"ምን ገዙበት?"

"ምንም! ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አንዲት ጨሌ አላወጣም። ትናንት ማታ ግን በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ወጣ። በሙሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ገባ፤ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ።"

"የተሰረዘው ሰው ቁጥር?"

ጊዲዮን ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እስከዚያች ደቂቃ አላሰበውም ነበር።

"ስሙ ማን ነው?"

"አላውቅም። ዳናዊት ናት የምታውቀው፤ ዛሬ ደግሞ አሞኛል ብላ ቀርታለች።" ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። "ጋሼ፣ ዓርብ ሚስስ ዊትኮም ትመጣለች። ገንዘብ የምታስገባልን እሷ ናት። የመረጥናቸው ሰዎች ትክክለኛዎቹ መሆናቸውን ካላሳየኋት ትታን ትሄዳለች። እናቴ ሃያ ዓመት ሆስፒታል ጠርጋ ያጠራቀመችው እዚህ ውስጥ ነው ያለው።"

ዳኛቸውን ልጁ አሳዘነው። "ዓርብ ሳይደርስ ሌባውን አመጣልሃለሁ" አለውና ማስታወሻው ላይ ጻፈ፦ *የተሰረዘው ሰው። ቂም ይዟል።*

*

ወይዘሮ ሮማንወርቅ ሰቨን ሲስተርስ ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ከደንበኞቹ ዝርዝር አንደኛዋ እሳቸው ናቸው። ዳኛቸው በሩን ከፍቶ ሲገባ እጃቸው ላይ የነበረው የኮረሪማ ከረጢት አመለጣቸው።

"ውይ ዳኙ! ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"ምንም። ቁጭ በል። በልተሃል?"

"እትዬ ሮማን፣ ሥራ ላይ ነኝ። ትናንት ማታ መቶ ጨሌ ልከዋል።"

"እኔ? ስልኬን ልጅ ነክቶት ነው። እኔማ ስሙንም አልወደድኩትም። ጨሌ የቃልቻ ነው ብዬ ስልኩን ጠበል ብረጨው ሁለት ቀን አልሠራም ብሎኝ ነበር።"

"የቱ ልጅ ነው የነካው?" አንድ ልጃቸው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚኖረውም ሊቨርፑል ነው።

"የጎረቤት" አሉና ሽሮ አቀረቡለት። ሲበላ ፊቱ ቆመው አዩት። ስልካቸው በየደቂቃው ይንጫጫል፤ እሳቸውም በየደቂቃው በግንባሩ ይደፉታል።

"የግፊት ኪኒንህን ትወስዳለህ?"

"እወስዳለሁ።"

"ዛሬስ?"

"ወስጃለሁ፣ እትዬ። የምጠይቀው እኔ ነኝ።"

ሲወጣ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየ፦ "ሐሙስ ጠዋት ዝግ ነው።" የሮማንወርቅ ሱቅ ለፋሲካ እንኳ ተዘግቶ አያውቅም። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም አለ በሆዱ፤ ጻፈውም።

*

ማክሰኞ ዐብዱን ፍለጋ ወደ ባሶቹ ማደሪያ ሄደ። ዐብዱ የባስ ሾፌር ነው። ሁለቱም ለንደን የገቡ ሰሞን አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰው የኖሩ ጓደኞች ናቸው። ዐብዱ ሲያየው አቀፈው፤ አቅፎም አልለቅም አለ።

"ምን ሆነሃል?" አለ ዳኛቸው ከትከሻው ሥር።

"ናፍቀኸኝ ነው።"

"ቅዳሜ አብረን ኳስ አይተናል።"

"ቢሆንም።"

"እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"ባስ ላይ።"

"እየነዳህ ስልክ ነካህ?"

"ወላሂ አልነካሁም! ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው የ..." ዐብዱ አፉን ያዘ። ሠላሳ ዓመት ዋሽቶት ስለማያውቅ ውሸት አይችልበትም። "ማለቴ፣ ልጅ ነክቶት ነው።"

"ባስ ውስጥ? የማን ልጅ?"

"የተሳፋሪ።"

ዳኛቸው በትዝብት አየው። ዐብዱ ጫማውን እያየ፣ "ስማ፣ ፓስፖርትህ ጊዜው አላለፈም አይደል?" አለ።

"ለምን?"

"እንዲሁ። ሰው ፓስፖርቱን ቼክ ማድረግ አለበት።"

ግድግዳው ላይ የሾፌሮቹ ተራ ተለጥፏል። ዐብዱ የሐሙስ ጠዋት ፈረቃውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል።

ከዚያ በኋላ ለቀሩት ሠላሳ ስድስት ሰዎች ስልክ ሲደውል ዋለ። ሠላሳ ስድስቱም "ስልኬን ልጅ ነክቶት ነው" አሉት። አንድ መነኩሴ ሳይቀሩ።

"የማን ልጅ፣ አባ?"

አባ ትንሽ አሰቡ። "የንስሐ ልጄ" አሉና ዘጉት።

*

ረቡዕ ዳናዊት ሥራ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ዳኛቸው ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"የተሰረዘው ሰው ማን ነው?"

"አልናገርም፣ ጋሼ።"

"ለምን ሰረዝሽው?"

"በሥራው ምክንያት። ሌሎቹ ደንበኞች ይፈሩታል ብዬ።"

"የሚያስፈራ ሰው ነው?"

"የሚያስፈራ ይመስለዋል።"

"ገንዘብ ይወዳል?"

"እኔ የማውቀው ከኪሱ ሲያወጣ ነው።"

"ጠበኛ?"

"አይደለም። ትንሽ ጉረኛ ነው።"

ዳኛቸው *ጉረኛ* ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። "እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጠንቅቄ ነው የማውቀው" አላት። "ራሱን ብልህ አድርጎ ያያል። አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም። እኔ ግን እይዘዋለሁ።"

ዳናዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታልቅስ ትሳቅ አልታወቀም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ደረጃው ላይ ጊዲዮን ሮጦ ደረሰበት። "ጋሼ፣ ክሱን ማንሳት እፈልጋለሁ። ምንም አልጠፋም።"

"ሰኞ ሱሪህ ላይ ሻይ ደፍተህ ነበር።"

"ሻዩ አክሲደንት ነው።"

"ዓርብ የምትመጣውስ ሴትዮ?"

የጊዲዮን ፊት ዐመድ መሰለ፤ ቢሆንም አላፈገፈገም። "ትምጣ። የፈለገችውን ታድርግ። ብቻ እርስዎ... ቤት ውስጥ ብቻዎን ነው አይደል የሚኖሩት?"

ለዳኛቸው ነገሩ በዚህ ተፈታ። ከሳሹም ከነሱ ጋር ነው! ሠላሳ ስምንቱ ሰዎች፣ ዳናዊትና ጊዲዮን ከተሰረዘው ጉረኛ ጋር ዶልተው የባለሀብቷን ገንዘብ ሊበሉ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ተገናኝተው ይካፈላሉ። በደስታ ለእትዬ ሐረገወይን ሊፎክርላቸው ናዝሬት ደወለ። ስልኩ አይሠራም። ይኼ ኔትወርክ እስከ መቼ ነው ብሎ ተበሳጭቶ ተኛ።

*

ሐሙስ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዳኛቸው ሰቨን ሲስተርስ፣ ከሮማንወርቅ ሱቅ ማዶ መኪናው ውስጥ ተኮራምቶ ነበር። ጎሕ አልቀደደም። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፤ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚነዳው ዐብዱ ነው። ዳኛቸው በዚህ ብቻ ሴራው ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ተረዳ። ከሱቁ ሰዎች እየተጎተቱ ወጡ፤ ትልልቅ ድስቶችና ተጣጣፊ ወንበሮች ጫኑ። ድስቱ ምርኮውን ሊይዙበት ይሆናል ብሎ አሰበና፣ ምርኮው ስልክ ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለው ሐሳቡን ተወው።

ሚኒባሱ ተነሣ። ሌሎች አምስት መኪኖች ተከተሉት። ዳኛቸው ደግሞ እነሱን ተከተለ፤ ሁለት መኪና በመሃል እያስቀደመ፣ መብራቱን ቀንሶ፣ ልክ በፖሊስ ትምህርት ቤት እንደተማረው።

ወንዙን ተሻገሩ። ወደ ስቶክዌል ታጠፉ።

"ስቶክዌል!" አለ ዳኛቸው ለብቻው። "ሠፈሬ ውስጥ ነው የሚኖረው!"

እሱ ወተት የሚገዛበት ሱቅ ጋ ሲደርሱ ቀነሱና ወደ ግራ ዞሩ።

"ያውም በእኔው መንገድ! የማያፍር!"

ቁጥር አሥራ ሰባት በር ላይ ቆሙ። ቁጥር አሥራ ሰባት የራሱ ቤት ነው።

ዳኛቸው መኪናውን መንገድ መሃል አቁሞ ቀረ። ከራሱ ደጃፍ ጊዲዮንና ዳናዊት ቆመው ይጠብቃሉ። ታክሲ ደረሰና በሩ ተከፈተ፤ ኦስሎ ያለችው እህቱ ጸዳለ ጥቁር ለብሳ ወረደች። ሮማንወርቅ ከሚኒባሱ ወርደው ክንዷን ያዙ። የመንገዱ መብራት ሲያርፍባቸው የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ አንገታቸው ሥር መሆኑን አየ።

ፖስታው ሳይከፈት ፊቱ ተቀምጧል። የናዝሬት ኔትወርክ። ኪኒኑ። ፓስፖርቱ። ብቻዎን ነው አይደል የሚኖሩት። እነዚህ ሰዎች አራት ቀን ሙሉ ሌባ አልደበቁም። መርዶ ነው የደበቁት፤ የደበቁትም ከእሱ ነው።

ከመኪናው ወርዶ ቀስ ብሎ መጣና ከሰዎቹ ኋላ ቆመ። ማንም አላየውም። ሁሉም ጸዳለ ወደምታንኳኳው ዝግ በር ነው የሚያየው።

"ተኝቶ ይሆናል፤ ድገሚው" አሉ ሮማንወርቅ።

"ቀስ ብለሽ፣ እንዳይደነግጥ" አለ ዐብዱ።

"እዚህ ነኝ" አለ ዳኛቸው።

ሠላሳ ስምንት ሰው በአንድ ላይ ጮኸ። አንድ ድስት ወደቀ። ቃሉን ሊናገሩ የተመረጡት መነኩሴ ሌሊቱን ሙሉ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው።

ዳኛቸው እህቱን ብቻ አያት። "እትዬ ናቸው?"

ጸዳለ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችው። "እሑድ ጠዋት። በእንቅልፋቸው።"

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ዳኛቸውም አልገደደውም። እዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ጎረቤቶቹ በመስኮት እያዩት፣ የዐብዱን አንገት አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዐብዱ ማክሰኞ ቀን አስቀድሞ ያቀፈው ለዚህ ነበር።

*

ሌላውን ነገር ዳናዊት ቤት ውስጥ ነገረችው። እሑድ ጠዋት ጫልቱ ለጸዳለ፣ ጸዳለ ለሮማንወርቅ ደወሉ። ብቻውን ለሚኖር ግፊታም ሰው እህቱ ሳትደርስ መርዶ አይነገርም፤ ጸዳለ ደግሞ ከሥራዋ የምትለቀቀው ረቡዕ ማታ ነው። ለእሱና ለእህቱ ወደ አገር ቤት የአውሮፕላን ቲኬት ቶሎ መቆረጥ ነበረበት። ቤት ለቤት ዞሮ ማዋጣት ቀናት ይፈጃል፤ ወሬውም ይደርሰዋል። "ያ ጨሌ የሚባለው ቁጭ ብሎ የለም እንዴ?" ያለው ዐብዱ ነው።

"ከዚያ ጊዲዮን ሳንነግረው ፖሊስ ጠራ" አለች ዳናዊት። "ፖሊሱ ደግሞ እርስዎ ሆኑ። ለማን እንናገር?"

"ሠላሳ ዘጠነኛው ቦርሳስ?"

"ከመጀመሪያውም የእርስዎ ነበር። ሲቸግርህ ለማን ትደውላለህ ብዬ ስጠይቅ ስልሳ አንድ ሰው የእርስዎን ስም ነው የነገረኝ። ከሁሉም አንደኛ ነበሩ። ፖሊስ ስለሆኑ ሰረዝኩዎት እንጂ ቦርሳውን ግን አልዘጋሁትም።"

ዳኛቸው ማስታወሻውን አውጥቶ *ጉረኛ* የሚለውን አየና፣ ዕንባው ሳይደርቅ ሳቀ።

ዓርብ ሚስስ ዊትኮም ካምደን ብትሄድ ቢሮው ዝግ ነው። ጊዲዮን ስልክ ላይ "ለቅሶ ቤት ነኝ፤ ትቼ አልመጣም" አላት። ሁሉንም ነገር እንዳጣ ያውቅ ነበር፤ ከልቡ ግን አልተጸጸተም። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ስቶክዌል መጣች፤ ተጣጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጧትና ሳትጠይቅ ምስር ወጥ አቀረቡላት።

"እነዚህ ናቸው የተመረጡት?" አለች ሽማግሌዎቹንና ሻሽ ያሰሩትን ሴቶች እያየች። "ወጣት የለም?"

ዳኛቸው ከፍራሹ ላይ ቀና አለ። "እመቤቴ፣ አራት ቀን መርምሬያቸዋለሁ። ሠላሳ ስምንቱም ዋሽተውኛል፤ አንድም ሰው ምስጢር አላወጣም። ያንን ሁሉ ገንዘብ ለመላክ ደግሞ አሥራ አንድ ደቂቃ በቃቸው።"

"ታዲያ ሦስት ሳምንት ለምን አንዲት እንኳ አልነኩም?"

ጊዲዮን ጥያቄውን ተረጎመላቸው። ሮማንወርቅ በግርምት አዩዋት። "ማን ቸግሮት?"

ይኼም ተተረጎመላት። ሚስስ ዊትኮም ሹካዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ለጊዲዮን "ሰኞ ውሉን ይዘህ ና" አለችው፤ ለሮማንወርቅ ደግሞ ሳህኗን ዘረጋችላቸው፤ ምስሩ ይደገምልኝ ለማለት ነው።

*

እሑድ ዳኛቸውና ጸዳለ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የምርመራውን መዝገብ "ወንጀል አልተፈጸመም" ብሎ ዘግቶታል። ልክ እኩለ ቀን ላይ ስልኩ አንዴ ጮኸና ተዘጋ።

የናዝሬት ቁጥር ነው። ወዲያው መልሶ ደወለ።

"ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ" አለች ጫልቱ። "እሑድ ሲሆን እጄ ለምዶ ደወለ። እዚህ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር።"

ዳኛቸው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

"ጠይቂኝ" አላት።

"ምን ልጠይቅዎት?"

"እሳቸው የሚጠይቁኝን።"

ጫልቱ አፍንጫዋን ሳበች። "ሚስት አገባህ?"

"አላገባሁም።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ስልኩን ይዛላቸው አጠገባቸው ስለተቀመጠች ስድቡን በቃሏ ታውቀዋለች። አንዲት ቃል ሳታስቀር ሰደበችው። ዳኛቸው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።